የትናንሽ ድርጅቶች ስምና ገበያ፤ ከመተማ ቆላ የተገኘ ትምህርት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ስለ ሕዝብ ግንኙነትና ስለ ገበያ ሥራ ለትናንሽ ድርጅቶች የሚጠቅም ነገር እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ፣ በመጀመሪያ ወደ ሐሳቤ የመጣው ባለ ብዙ ቀለም ማስታወቂያ ወይም ባለ ብዙ ክፍል ጽሕፈት ቤት አልነበረም። የመጣልኝ ጆንያ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በመተማ ዮሐንስ ከተማ ከአንድ መጋዘን በር ላይ ቆሜ፣ ጫኞች ሰሊጥ በመኪና ላይ ሲጭኑ እመለከት ነበር። ሰሊጡ ነጭ፣ የጠራ፣ በእጅ ሲዘግኑት እንደ ውኃ የሚንሸራተት ነበር። የመጋዘኑን ጠባቂ፣ አንድ አረጋዊ ሰው፣ «አባባ፣ ይህ ሰሊጥ የማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «የመጋዘኑ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «ወደ መጋዘኑ ከመግባቱ በፊትስ የማን ነበር?» ብላቸው ፈገግ አሉና፣ «እሱንማ የዘራው ይወቀው» ሲሉ መለሱልኝ።

የእኚህ አባት መልስ የዛሬው ንግግሬ ርእስ ነው። የዘራው ብቻ የሚያውቀው ምርት ገዢው አያውቀውም። ገዢው የማያውቀውን ምርት ደግሞ ሻጩ ከሌላው ጋር እኩል በሆነ ዋጋ ከመሸጥ በቀር ሌላ ዕድል የለውም።

መተማ ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ የምትታወሰው በጦርነት ነው። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁት በዚያ ነው፤ ከተማይቱም ስማቸውን ይዛ መተማ ዮሐንስ ትባላለች። ነገር ግን ከዚያም በፊት መተማ የገበያ ቦታ ነበረች። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከደጋው የወረደ ቡና፣ ሰም፣ ፈረስና በቅሎ፣ በሚያሳዝንም ሁኔታ ሰው ሳይቀር፣ በዚያ ገበያ ይሸጥ ነበር። ዛሬም የምዕራብ ጎንደር ቆላ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ያመርታል፤ ከዱሩም ዕጣን ይለቅማል። በቋራ በኩል የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ከሱዳኑ የዲንደር ፓርክ ጋር ይዋሰናል። እንግዲህ አገሩ የሚሸጥ ነገር አላጣም። ያጣው ስም ነው። በጋዜጣ ላይ የመተማ ስም የሚነሣው ወይ ስለ ጦርነት፣ ወይ ስለ ኮንትሮባንድ፣ ወይ ስለ ወባ ሲወራ ነው።

የሰሊጡን ነገር እንመልከት። በ2000 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሰሊጥን ወደ ሥርዓቱ ባስገባ ጊዜ ለአምራቹም ለነጋዴውም ያስገኘው ጥቅም ቀላል አልነበረም። ምርቱ ተመርምሮ ደረጃ ይወጣለታል፤ ክፍያው ዋስትና አለው፤ የዕለቱ ዋጋም በይፋ ይነገራል። ሆኖም ምርት በዓይነትና በደረጃ ተመድቦ በሚሸጥበት ሥርዓት የአምራቹ ስም ከመጋዘኑ ደጃፍ አያልፍም። በዚሁ አመዳደብ የሰሜን ምዕራቡ ነጭ ሰሊጥ «የሁመራና የጎንደር» ሲባል፣ የወለጋው ደግሞ በራሱ ስም ይጠራል። መተማ፣ ቋራ፣ ምዕራብ አርማጭሆ የሚሉት ስሞች ግን በዚያ ውስጥ አይሰሙም። ይህ የምርት ገበያው ጥፋት ነው ማለቴ አይደለም። ሥርዓቱ የተቋቋመው ጥራትን ለመመደብና ክፍያን ለማስተማመን ነው። የየራስን ስም ማውጣት የየድርጅቱ ተግባር ነው።

ስም ገንዘብ ለመሆኑ ከራሳችን አገር የተሻለ ምስክር አያሻም። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ ማመልከቻ አቀረበ። ከብዙ ክርክርም በኋላ በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈረመ። በዚያ ክርክር የተገለጸው ቁም ነገር፣ ቡናው በባሕር ማዶ መደርደሪያ ላይ በውድ ዋጋ የሚሸጠው በጣዕሙ ብቻ ሳይሆን በስሙም ጭምር መሆኑ ነው። አንድ መንግሥት ለሦስት ስሞች ያን ያህል ከደከመ፣ አንድ የገበሬዎች ማኅበር ለአንድ ስሙ ጥቂት ቢደክም ምን ይገርማል?

ምናልባት ከእናንተ መካከል፣ «መልካም ዕቃ ራሱን ይሸጣል፤ ስለ ራስ መናገር የጨዋ ሰው ሥራ አይደለም» የሚል ይኖር ይሆናል። አባቶቻችን ጨዋነትን እያወቁም «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለዋል። የሕዝብ ግንኙነት ማለት ያልሆኑትን ነን ማለት አይደለም። በመጀመሪያ መልካም መሥራት፣ ቀጥሎም የተሠራውን ለሚመለከተው ሰው፣ በሚገባው ቋንቋ፣ በወቅቱ ማሳወቅ ነው። ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ እንደ ሆነ ግን ሥራው የሕዝብ ግንኙነት መሆኑ ይቀርና ማታለል ይሆናል።

ይህን መሠረት አድርጌ፣ ገንዘቡም ሰውም ለሚያጥረው ድርጅት የሚሆኑ ጥቂት ምክሮችን አቀርባለሁ። ለምሳሌ ያህል ጥቂት መቶ አባላት፣ አንድ መጋዘን፣ አንድ ሒሳብ ሹምና አንድ ሚዛን ያለው የመተማ ወረዳ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር እንዳለ አድርገን እናስብ።

አንደኛ፤ ድርጅቱ ማንነቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር። ብዙ ማኅበሮች ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ የተቋቋሙበትን ዓመት፣ የመተዳደሪያ ደንባቸውን አንቀጽና የሥራ አመራር አባላትን ስም ይዘረዝራሉ። ገዢ የሚፈልገው ይህን አይደለም። «በአባሎቻችን ማሳ ብቻ የበቀለ፣ በሸራ ላይ የተራገፈ፣ ከሌላ ያልተቀላቀለ ነጭ ሰሊጥ እናቀርባለን» ቢባል ይበቃል። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እያንዳንዱ ቃል ሊመረመር የሚችል መሆኑን ልብ በሉ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የአገራችንን የቱሪዝም ድርጅት ያቋቋሙት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ለዓለም ያስተዋወቁት የአሥራ ሦስት ወር ጸጋ መፈክር በ2008 ዓ.ም. በሌላ እስኪተካ ድረስ ከአርባ ዓመት በላይ ያገለገለው አጭር ስለ ነበረ ብቻ አይደለም። ማንም ሰው የቀን መቁጠሪያችንን ገልጦ ሊያረጋግጠው የሚችል እውነት ስለ ነበረም ጭምር ነው።

ሁለተኛ፤ የሕዝብ ግንኙነት ከቤት ይጀመር። ለድርጅቱ የመጀመሪያው ሕዝብ አባሉ ነው። ሚዛኑ በአባሉ ፊት ይመዘን፤ የዕለቱ ዋጋ በመጋዘኑ በር ላይ በጥቁር ሰሌዳ ይጻፍ፤ ትርፍና ኪሳራው በስብሰባ ይነበብ። የራሱን አባል ያላሳመነ ማኅበር የባሕር ማዶ ገዢን አሳምናለሁ ቢል ከንቱ ድካም ነው። አባሉ ተስፋ የቆረጠ እንደ ሆነ ምርጡን ምርት ለመንገድ ነጋዴ ሸጦ ተረፉን ለማኅበሩ ያመጣልና።

ሁለተኛው ሕዝብ በየዓመቱ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ነው። በቆላው ለምደው የሚመላለሱት «ሳሉግ» ይባላሉ። ሰሊጥ ጠባዩ እንደ ማሽላ አይደለም። በደረሰ ጊዜ ቶሎ ካልታጨደ ፍሬ መያዣው ይከፈትና ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በአጨዳው ሰሞን ሠራተኛ ያጣ ገበሬ የዓመት ልፋቱን በጥቂት ቀናት ውስጥ ያጣል። ሳሉጉ ደግሞ የትኛው እርሻ ንጹሕ ውኃና ጥላ እንደሚያዘጋጅ፣ የትኛው የተስማማበትን ዋጋ በቀኑ እንደሚከፍል፣ የትኛው በወባ ወይም በካላዛር የታመመን ሰው ወደ ጤና ጣቢያ እንደሚያደርስ ጠንቅቆ ያውቃል። ያወቀውንም በየደጋው መንደር ይናገራል። ይህ ወሬ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል፤ በሚመጣው ዓመት በየትኛው ማሳ ላይ ማጭድ እንደሚያርፍ የሚወስነው እሱ ነውና። ለሠራተኛ የሚደረግ ደግነት በሒሳብ መዝገብ ላይ በወጪ በኩል ብቻ ሲጻፍ አያለሁ፤ ግማሹ ግን በገቢ በኩል ሊጻፍ ይገባው ነበር።

ሦስተኛ፤ ስም በጆንያው ላይ ይጻፍ። የማኅበሩ ስም፣ ወረዳው፣ የምርት ዘመኑና የጭነቱ ቁጥር በግልጽ ይታተም። ያው ቁጥር በመዝገብ ላይ የአስረካቢዎቹን አባላት ስም ይያዝ። ሥራው ማኅተም፣ ቀለምና አንድ ደብተር ቢጠይቅ ነው። ጥቅሙ ሁለት ነው፤ ምርቱ የተወደሰ ጊዜ ምስጋናው ባለቤቱን ያገኛል፤ የተነቀፈ ጊዜም ጥፋቱ የት እንደ ደረሰ ይታወቃል። ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች በቀጥታ ለውጭ ገዢ የመሸጥ በር የተከፈተላቸው በመሆኑ፣ ይህ ደብተር ከመሠረታዊ ማኅበሩ እስከ መርከቡ ድረስ ሊከተል ይችላል።

ስለ ጆንያው ንጽሕናም አንድ ነገር ላስታውስ። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የሆነ የፀረ ተባይ ቅሪት በማግኘቷ ግዢዋ እጅጉን ቀነሰ። ነገሩ ሲመረመር ጥርጣሬው ያረፈው በገበሬው ማሳ ላይ ሳይሆን ቡናው በተሞላበት ጆንያ ላይ ነበር። በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የአውሮፓ ኅብረት ደንብም በሳልሞኔላ ምክንያት የኢትዮጵያን ሰሊጥ የተጠናከረ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ምርቶች ጋር መድቦታል። ለጣሂናና ለሐላዋ የሚገዛ ሰሊጥ የሰው ምግብ ነው፤ በአፈር ላይ የተወቃና በቆሻሻ ጆንያ የታሰረ ከሆነ በላዩ ላይ የሚታተመው መልካም ስም ራሱ ምስክር ሆኖ ይቆምበታል።

አራተኛ፤ ናሙና ጭነቱን ይምሰል። ከክምሩ መካከል ምርጡን ዘግኖ ለገዢ መላክ የቆየ ልማድ ነው። እንዲህ ያደረገ ሻጭ አንድ ጊዜ ይሸጣል፤ ሁለተኛ ጊዜ ግን አይጠራም። እኔ የምመክረው ከየጆንያው ጥቂት ጥቂት ወስዶ ቀላቅሎ፣ እኩሌታውን ለገዢው ልኮ እኩሌታውን በማኅበሩ ዘንድ አሽጎ ማስቀመጥ ነው። ክርክር የተነሣ እንደ ሆነ የታሸገው ናሙና ይናገራል።

አምስተኛ፤ ጥያቄው ሳይመጣ መልሱ ይዘጋጅ። የሆላንድና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በመተማ አካባቢ የዕጣን ዛፎችን ሲከታተሉ ቆይተው፣ በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ውጤቱን ይፋ አደረጉ። ይዞታው ካልተሻሻለ የዕጣን ምርት በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ፣ የዛፉ ብዛትም በ50 ዓመት ውስጥ በ90 ከመቶ ሊቀንስ ይችላል የሚል ነበር። ያረጁት ዛፎች ይሞታሉ፤ በእሳት፣ በከብት ግጦሽና በጢንዚዛ ምክንያትም የሚተካ ችግኝ አያድግም። ዕጣን ከልደት በዓል ጋር የተያያዘ በመሆኑና ወቅቱም የፈረንጆች ገና ስለ ነበረ፣ ወሬው በታላላቅ የዜና ማሰራጫዎች ሁሉ ተሰማ። መተማ በዚያ ሳምንት ለዓለም የታወቀችው በሚጠፋ ዛፍ ነበር።

እዚህ ላይ ራሳችንን እንጠይቅ። በዚያ ሳምንት አንድ የባሕር ማዶ ገዢ ለዕጣን ለቃሚዎች ማኅበር ስልክ ደውሎ፣ «ዛፉን እንዴት ትጠብቁታላችሁ?» ቢል ምን መልስ ያገኝ ነበር? መልስ የሚገኘው አስቀድሞ ከተሠራ ብቻ ነው። ዛፎቹን በየተራ ማሳረፍ፣ የእሳት መከላከያ መንገድ መጥረግ፣ ችግኝ የበዛበትን ቦታ ከከብት መከለል፤ ይህን ሁሉ ከነቀኑና ከነቦታው በደብተር የያዘ ማኅበር፣ የክፉ ወሬ ቀን የመልካም ስሙ ቀን ይሆንለት ነበር። ያልያዘ ግን ዝም ይላል፤ ዝምታውንም ሰው እንደ መሰለው ይተረጉመዋል።

ስድስተኛ፤ ክፉውን ወሬ ራስህ ቀድመህ ንገር። በጠረፍ አገር ይህ ምክር ከሁሉ ይበልጥ ያስፈልጋል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተቀሰቀሰ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰዎች በመተማ በኩል ወደ አገራችን ገቡ። የጠረፉ ንግድም ታወከ። በክልላችንም ውስጥ ከዚያው ዓመት ፍጻሜ ጀምሮ በተነሣው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ቀን በርክቶ ታይቷል። እንዲህ ባለው ጊዜ ጭነቱ የዘገየበት ማኅበር ብዙውን ጊዜ ስልኩን ይዘጋል። ሰው ሲያፍር የሚያደርገው ነውና አልፈርድበትም። ነገር ግን ገዢው መንገዱ መዘጋቱን ከሬዲዮ ቢሰማም፣ ሻጩ ያለበትን ሁኔታ ግን ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ወይ ሸጦበታል ወይ ሸሽቷል ብሎ ይገምታል።

በእንዲህ ያለ ቀን የሚላከው መልእክት አጭር ይሁን። የሆነውን፣ ያልሆነውን፣ እኛ የምናደርገውንና ዳግመኛ የምንናገርበትን ቀን ይያዝ። «ሰሊጡ በመጋዘን በደኅና አለ፤ መንገዱ ስለ ተዘጋ አልተጫነም፤ ዐርብ ቀን ያለውን ሁኔታ እናስታውቃችኋለን።» ዐርብ ቀን የሚነገር አዲስ ነገር ባይኖር እንኳ፣ «አዲስ ነገር የለም» ተብሎ ይነገር። እኔ በሥራ ዘመኔ ያስተዋልሁት አንድ ነገር ቢኖር፣ ገዢ መዘግየትን እንደሚታገሥ፣ መታለልን ግን እንደማይረሳ ነው። ከጭነቱ ውስጥ ዝናብ ያገኘው ሰሊጥ ካለም እንዲሁ ነው። መኪናው ሳይነሣ የተነገረ ጉድለት በዋጋ ቅናሽ ያልቃል። ወደብ ላይ የተገኘ ጉድለት ግን ደንበኛን ያሳጣል።

ሰባተኛ፤ በሚደመጥበት መንገድ ተናገሩ። ለክልሉ ሬዲዮ ወይም ለጋዜጣ የሚላክ ወሬ ከአንድ ገጽ አይለፍ። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ስንት ኩንታል የሚሉት በመጀመሪያው አንቀጽ ይመለሱ፤ የሊቀ መንበሩ ምስጋና በመጨረሻ ይምጣ። ስለ ማኅበሩ የሚናገረው ሰው አንድ ይሁን፤ ስልኩም የሚነሣ ይሁን። ዛሬ በእጅ ስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ በቴሌግራም በአንድ አፍታ አዲስ አበባና ዱባይ ይደርሳል። ስለዚህ የመጋዘኑን፣ የሸራውንና የሚዛኑን ምስል በየሳምንቱ ለገዢ መላክ ወጪው ትንሽ ነው። የመተማ ገበያ ዐረብኛ የሚነገርበት በመሆኑም፣ ሰሌዳውም ሆነ የዋጋ ወረቀቱ በአማርኛና በዐረብኛ ቢጻፍ ለጎረቤት አክብሮት፣ ለራስም ገበያ ነው።

ስምንተኛ፤ ጥቂት ነገር አድርጉ፤ ያደረጋችሁትንም ቁጠሩ። ትንሽ ድርጅት በአንድ ዓመት ውስጥ ጋዜጣ፣ ቢልቦርድ፣ ካኒቴራና ኤግዚቢሽን ሁሉንም እይዛለሁ ቢል ገንዘቡም ሐሳቡም ይበተናል። አንድ ሁለቱን መርጦ ዓመቱን ሙሉ መሥራት ይሻላል። አዲስ ገዢ በመጣ ቁጥርም፣ «ስለ እኛ ከማን ሰሙ?» ተብሎ ይጠየቅና ይጻፍ። በዓመቱ መጨረሻ ያ ደብተር የትኛው ወጪ ፍሬ እንዳፈራ ከማንኛውም አማካሪ ይልቅ በግልጽ ይናገራል። ከዚሁ ጋር ገዢው አንድ ብቻ፣ መንገዱም አንድ ብቻ እንዳይሆን መጣር ያስፈልጋል። በአንድ በር ብቻ የሚወጣ ቤት በሩ የተዘጋ ዕለት እስር ቤት ይሆናል።

ክቡራትና ክቡራን፤

እነዚህ ምክሮች በአንድ ቀን ዋጋ አይጨምሩም። በመጀመሪያው ዓመት ንጹሑን ሰሊጥ ለብቻው የለየ ማኅበር፣ ከለየው ድካም ያላነሰ ሐሜት ሊያተርፍ ይችላል፤ ጎረቤቱ ቀላቅሎ በዚያው ዋጋ ሸጧልና። ይህ እውነተኛ ፈተና ነው፤ ብዙዎች ተስፋ የሚቆርጡትም እዚህ ላይ ነው። ይህን የማሸነፊያ መንገድ ለአባላት አስቀድሞ መንገርና ቢያንስ ሦስት የምርት ዘመን አብሮ ለመታገሥ መስማማት ነው። ስም የሚሠራው ገዢው ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ ነውና።

የእኛ ማኅበር አባላትም ድርሻ አለን። እውቀታችን የሚሸጠው ለትልቁ ባንክና ለትልቁ ፋብሪካ ብቻ ከሆነ፣ እርዳታችንን አብልጦ የሚሻው ሳያገኘው ይቀራል። ከመካከላችን በየዓመቱ ጥቂት ሰዎች ከአጨዳው በፊት ባለው ክረምት ለጥቂት ሳምንታት ወደ ቆላው ወርደው፣ ለአንድ ማኅበር ጸሐፊ የወሬ አጻጻፍንና የመዝገብ አያያዝን ቢያሳዩ ትልቅ ሥራ ይሆናል። እኛም ከእነሱ የምንማረው አይጠፋም።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የሰውን ስም መልአክ ያውጣው፤ የድርጅትን ስም ግን የሚያወጡት ሚዛኑን የያዘው እጅ፣ ሸራውን ያነጠፈው ሠራተኛና ደብተሩን የሞላው ጸሐፊ ናቸው። ወደ መተማ ዮሐንስ ተመልሼ የዚያኑ መጋዘን በር ለማንኳኳት ተስፋ አለኝ። «ይህ ሰሊጥ የማን ነው?» ብዬ ስጠይቅ፣ እኚያ አባት ወደ ጆንያው ጎን በጣታቸው አመልክተው፣ «አንብበው እንጂ፣ ልጄ» ቢሉኝ፣ የዛሬው ንግግሬ ፍሬ አፈራ እላለሁ።